ጀልባ ላይ ቢራ ይከፈታል ወይስ አይከፈትም?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገን! ቅዳሜ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በሸራ ጀልባው ቼሳፒክ ቤይ (ምሥራቅ አሜሪካ ያለው የባሕር ወሽመጥ) ላይ ሊያንሸራሽረን ነው። አንድ ካርቶን ቢራ ልይዝ ስል «መልህቅ ሳንጥል ጠርሙስ አይከፈትም» አለኝ። አላካበደም? መኪና መሰለው እንዴ?

መልስ 1፦ ሰውየው ልክ ነው። እዚህ አሜሪካ 0.08 በመቶ የምትባለዋ፣ በደም ውስጥ ያለ የአልኮል ገደብ፣ ለመኪና ብቻ ሳይሆን ለጀልባ ነጂም ትሠራለች። ውሃ ላይ አስቁመው ያስነፉሃል።

መልስ 2፦ ነጂው ብቻ አይደለም ችግሩ። አምና ተሳፋሪ ነበርኩ፤ የጠጣሁት ሁለት ቢራ ነው። ፀሐዩና መወዛወዙ ግን አራት አስመሰለው። ጀልባው ሲዞር ሸራውን ከታች የሚወጥረው ግንድ ከወዲያ ወደዚህ ተወርውሮ መጣ። «ጎንበስ!» ሲባል ሰምቻለሁ፤ አንገቴ ግን ዘገየ። ግንባሬ ላይ አራት ስፌት አለ። የልጄ ክርስትና ፎቶ ላይ በፋሻ ነው ያለሁት።

መልስ 3፦ ቢራ ሽንት ያመጣል። ጫፍ ላይ ቆመህ እንዳትሸና፣ አደራ! እንደዛ ሆኖ ውሃ ውስጥ የሚወድቅ ሰው አለ። ላይፍ ጃኬትህንም አታውልቅ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ተሸነፍኩ። ውሃና ሳንቡሳ እይዛለሁ። ቢራው በረዶ ውስጥ ይቆየን፣ ወደብ ስንደርስ እንከፍተዋለን።

መልስ 1፦ ከወደብ ወደ ቤት መኪናውን የሚነዳውስ ማን ነው?