ጀርመንኛው «ሆኧ» (ከፍታ) ከመሬት ነው ከባህር? አልቲሜትር (የአውሮፕላን ከፍታ መለኪያ) ላይ ግራ ገባኝ

የለገጣፎው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ አጎቴ ጀርመን እያለ የተማረበት የግላይደር (ሞተር የሌለው አውሮፕላን) መጽሐፍ እጄ ገብቶ በዲክሽነሪ እየተጋገዝኩ እያነበብኩ ነው፣ «ሆኧ» የሚለው ቃል አንዴ ከመሬት አንዴ ከባህር ይሆንብኛል፣ ቀጥሎ ደግሞ «ፍሉግፍሌሸ» ይላል። ኪው ኤፍ ኢ የሚባለው ግፊት ሲሞላ አልቲሜትሩ ማረፊያ ሜዳው ላይ ዜሮ ያሳያል ይላል፣ እኔ ግን ሲሙሌተር ላይ ቦሌ ቆሜ ብሞክረው የግፊቱ ቁጥር 950 አካባቢ ደርሶ አልወርድም አለ። ምን አጥፍቼ ነው?

ጡረተኛው ቴክኒሻን፦
ምንም አላጠፋህም ልጄ። ኪው ኤፍ ኢ ማለት የሜዳው የራሱ ግፊት ነው፣ ቦሌ ደግሞ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ስለሆነ ግፊቱ 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው፣ የአብዛኛው አልቲሜትር የግፊት መሙያ መስኮት ደግሞ ከ950 እስከ 1050 ገደማ ነው፣ ከየት ያመጣዋል? ለጀርመን ቆላ ሜዳ ይሠራል ለኛ አገር አይሆንም። ኪው ኤን ኤች ሙላ፣ እሱ ወደ ባህር ጠለል ተመልሶ የተሰላ ግፊት ነው፣ እዚያው ቆመህ 7,600 ጫማ ምናምን ያነብልሃል።

ሰበታ ነኝ፦
ቋንቋውን እኔ ልጨምር፣ ጀርመንኛ እየተማርኩ ስለሆነ። ሆኧ ልክ እንደኛ «ከፍታ» ነው፣ ከምን እንደሆነ ካልተነገረ ባዶ ነው። «ኡበር ግሩንት» ካለ ከመሬት፣ «ኡበር ኤን ኤን» ካለ ከባህር ጠለል ነው፣ ኤን ኤን ኖርማልኑል ማለት ሆኖ መነሻው የአምስተርዳም ባህር ነው። ፍሉግፍሌሸ ላይ ያለው ፍሌሸ ግን ገጽ እንደማለት ነው፣ ሁሉም አውሮፕላን 1013.25 ሄክቶፓስካል ሞልቶ የሚያነበው ስለሆነ ቢሳሳቱም እኩል ይሳሳታሉ፣ እርስ በርስ ያለው ርቀት አይዛባም። ፍሉግፍሌሸ 100 ማለት 10,000 ጫማ፣ ሁለት ዜሮ መቁረጥ ነው።

የለገጣፎው፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እህቴም። መጽሐፉ ኡበርጋንግስሆኧ 5,000 ጫማ ነው ይላል፣ አልቲሜትሩ ከኪው ኤን ኤች ወደ 1013 የሚቀየርበት ከፍታ ማለት ነው አይደል? እዚህ ታዲያ 5,000 ከመሬት በታች ነው እኮ!

ጡረተኛው ቴክኒሻን፦
አዎ፣ ያ የጀርመን ቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ አገር የራሱን ያወጣል፣ ለቦሌ የቦሌን ቻርት እይ እንጂ የመጽሐፉን እንዳትወስድ።

የለገጣፎው፦
እሺ። አሁን ሆኧ ባለበት ሁሉ ከጎኑ ከምን እንደሆነ በእርሳስ እየጻፍኩ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ምንም አላለም፣ ኪው ኤፍ ኢ ብቻ ይላል።

ሰበታ ነኝ፦
ኪው ኤፍ ኢ ካለ ከሜዳው ነው፣ «ከሜዳው» ብለህ ጻፈው።