ከዳታቤዝ ለሚመጣ ዳታ የባር ቀለም፦ የትኛውን ላይብረሪ ትመክሩኛላችሁ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአንድ ቡና ላኪ ድርጅት የሽያጭ መጠን በባር ቻርት (በአሞሌዎች) የሚያሳይ ድረ ገጽ እየሠራሁ ነው። ሲዳማ፣ ይርጋ ጨፌ፣ ጅማ፣ ሐረር፣ ሊሙ እያለ እያንዳንዱ የቡና ዓይነት የራሱ ባር አለው። ቁጥሩ በቀጥታ ከዳታቤዝ ስለሚመጣ ባሮቹ አንዳንድ ጊዜ አምስት፣ አንዳንድ ጊዜ ስምንት ይሆናሉ። እያንዳንዱ ባር የየራሱ ቀለም እንዲኖረውና ከዕቅዱ በታች የሆነው በቀይ እንዲለይ እፈልጋለሁ። የትኛውን ላይብረሪ (ቻርት ለመሳል የተዘጋጀ ኮድ) ልጠቀም?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ላይብረሪ ከመምረጥህ በፊት ቀለሙ ስለ ምን እንደሚናገር ወስን። ስለ ቡናው ዓይነት ነው ወይስ ስለ ዕቅዱ? ሁለቱንም በአንድ ቀለም ልግለጽ ካልህ፣ ቀዩ ባር የሐረር መለያ ይሁን ወይም ከዕቅድ በታች የቀረ ሊሙ ተመልካቹ መለየት አይችልም። የቡናው ስም ከባሩ ሥር ተጽፏልና ቀለሙን ለዕቅዱ ተውለት።

ከዚህ በኋላ የእኔ ጥቆማ ቻርት ጄኤስ ነው። በኤምአይቲ ፈቃድ የሚሰራጭ ስለሆነ ለንግድ ሥራም ክፍያ የለውም። የባሩን ቀለም የሚወስነው «ባክግራውንድ ከለር» የተባለው ቅንብር ሦስት ነገሮችን ይቀበላል፤ አንድ ቀለም፣ የቀለሞች ዝርዝር ወይም ፈንክሽን (ለየባሩ ቀለም አስልቶ የሚመልስ ትንሽ ኮድ)። ብዙ ሰው ዝርዝሩን ይመርጣል፤ መከራው የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ዝርዝሩ የሚያውቀው የባሩን ተራ ቁጥር ብቻ ነው። ዛሬ አንደኛ የተቀመጠው ሲዳማ ነገ በሽያጭ መጠን ሲደረደር ሦስተኛ ቢሆን ቀለሙን ለሌላ ቡና ትቶ ይሄዳል። አምስት ቀለም ጽፈህ ስምንት ባር ቢመጣ ደግሞ የአሁኑ ስሪት ከመጀመሪያው ቀለም ይደግምና ስድስተኛው ባር የአንደኛውን ይመስላል።

ፈንክሽኑ ግን የሚመለከተው ባሩን ራሱን ነው። የእያንዳንዱን ባር ቁጥር ከሚቀርብለት «ኮንቴክስት» (ስለ ባሩ መረጃ የያዘ ጥቅል) ውስጥ «ራው» በሚለው ስም ያገኘዋል፤ ከዕቅዱ ጋር ያነጻጽርና ቀለሙን ይመልሳል። አዲስ ቁጥር ሲመጣ ዳታውን ተክተህ «አፕዴት» ብትለው ይበቃል፤ ቻርቱን አፍርሰህ አትሥራው። በአራተኛው ስሪት የተጨመረው የቀለም ፕለጊን (ተቀጥላ ክፍል) ይህን ሥራ ይሠራልኛል ብለህ አትጠብቅ፤ በባር ቻርት ላይ የሚቀባው ዳታሴቱን (አብረው የሚሳሉትን ቁጥሮች ስብስብ) በሙሉ በአንድ ቀለም እንጂ ባሮቹን አንድ በአንድ አይደለም።

ሁለተኛ ምርጫዬ ኢቻርትስ ነው። ከቻይናው ባይዱ የወጣ ሲሆን ዛሬ በአፓቺ ፋውንዴሽን ሥር ይገኛል፤ እሱም ነጻ ነው። «ቪዥዋል ማፕ» በሚባለው ክፍል ከዚህ ቁጥር እስከዚህ ቁጥር ቀይ፣ ከዚያ በላይ ሰማያዊ ብለህ አንድ ቦታ ትጽፋለህ። ይህ የሚያምረው ለሁሉም ቡና ዕቅዱ እኩል ሲሆን ነው። የሲዳማ ዕቅድ ከሊሙ የሚለይ ከሆነ እዚህም ወደ ፈንክሽን መመለስህ አይቀርም። አፔክስ ቻርትስም ተመሳሳይ የቁጥር ክልል አለው።

ሃይቻርትስ በጣም የተጣራ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ለንግድ ድርጅት ፈቃዱ በክፍያ ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ በውጭ ምንዛሪ ለመክፈል መድከም ለዚህ ሥራ አስፈላጊ አይመስለኝም።

ተጨማሪ፦
በጎግል ቻርትስ ለሚጀምሩ ሁለት ነገር ልጨምር። «ከለርስ» የተባለው ቅንብር የሚሠራው ለተከታታይ ዳታ (አብሮ ለሚሳል የቁጥሮች ስብስብ) እንጂ ለነጠላ ባር አይደለም፤ አምስት ቀለም ብትጽፉለትም አንድ ተከታታይ ብቻ ካለ ሁሉም ባሮች በመጀመሪያው ቀለም ይወጣሉ። ለየባሩ ቀለም ለመስጠት ሠንጠረዡ ላይ «ስታይል» የሚል ሚና ያለው ዓምድ ጨምሩ፤ ቀለሙ ከቁጥሩ ጎን በዚያው ረድፍ ስለሚቀመጥ ቅደም ተከተሉ ቢቀየርም አብሮት ይሄዳል። ይህ አሠራሩ በእውነት ደስ ይለኛል። ነገር ግን ላይብረሪው ከጎግል ሰርቨር ካልተጫነ አይሠራም፤ አውርዶ በራስ ሰርቨር ማስቀመጥም አይፈቀድም። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ወይም በውስጥ ኔትወርክ ብቻ በሚሠራ መሥሪያ ቤት አልመክረውም።

ጥያቄ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራ አስኪያጁ ግን ለእያንዳንዱ ቡና የራሱ ቀለም ካልተሰጠ አሉኝ።

መልስ፦
እንግዲያውስ ቀለሙን ከስሙ ጋር እሰረው። በዳታቤዙ የቡና ዓይነቶች ሠንጠረዥ ላይ አንድ የቀለም ዓምድ ጨምርና ፈንክሽኑ ከዚያ ያንብብ፤ ቀለም ያልተመደበለት አዲስ ዓይነት ቢመጣ ግራጫ ይመልስ። ወደፊት ዲ ስሪ የተባለውን ላይብረሪ ብትጠቀም ለስሞች ቀለም የሚመድበው «ስኬል ኦርዲናል» የስሞቹን ዝርዝር አስቀድመህ ካልሰጠኸው በመጡበት ቅደም ተከተል ቀለም ያድላል፤ ያው የተራ ቁጥር ችግር ተመልሶ ይመጣል። ከዕቅድ በታች መሆኑን ደግሞ በቀለም ፋንታ በባሩ ላይ በሚሰመር የዕቅድ መስመር አሳይ። ቀይና አረንጓዴን ጎን ለጎን አታድርግ፤ ሁለቱን ለመለየት የሚቸገሩ ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ ጥቂት አይደሉም። ሰማያዊና ብርቱካናማ ይሻላል።

ስሞቹን በአማርኛ የምትጽፍ ከሆነ ቻርት ጄኤስ ጽሑፉን በካንቫስ (በገጹ ላይ ባለ የሥዕል ሰሌዳ) ላይ እንደ ሥዕል እንደሚስለው አስታውስ። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ከድረ ገጽ የምትጭን ከሆነ ፎንቱ ገብቶ እስኪያልቅ ጠብቀህ ቻርቱን ሳል፤ አለበለዚያ ስሞቹ ኮምፒውተሩ ባገኘው ሌላ ፎንት ይወጣሉ።