ሐረጎ ዳገት ላይ የፈላችው ኮሮላ፦ ቴስታታው ይነሣ ወይስ ይቆይ?

የሸዋ በር ልጅ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ትናንት በመኪናዬ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ሐረጎ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ፤ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ተነሣ። ዳር አቁሜ፣ ሲበርድ ውሃ ሞልቼ እንደምንም ገባሁ። ዛሬ ጠዋት ሳስነሣት ነጭ ጭስ ታወጣለች። የዘይት መሙያው ክዳን ስር ደግሞ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ተለጥፏል። መካኒኩ ገና ሳይነካት «የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሐል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል፤ ነገ ቴስታታውን አነሣለሁ፣ ቀብድ አምጣ» አለኝ። ቅዳሜ ሙሽራ አጅቤ ሐይቅ ከተማ መሄድ አለብኝ። ቀብዱን ልስጠው?

ባለ አይሱዙ፦ ቤንዚን ናት ናፍጣ? የስንት ዓመተ ምሕረት ስሪት ናት? «መኪናዬ» ስትል ባጃጅም ልትሆን ትችላለች።

የሸዋ በር ልጅ፦ ኮሮላ ናት፣ ቤንዚን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1998 ስሪት። ግልጽ መስሎኝ ነበር።

ጭስ አልባ፦ ቴርሞስታቱን (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋውን) አውጥተህ ጣለው። የሐበሻ አገር መኪና ቴርሞስታት አያስፈልጋትም።

አቶ ጥንቃቄ፦ ወጣቶች ሁልጊዜ ከፈላ በኋላ ነው የምትጠይቁት። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ትወጣለህ፤ ያውም ከጭነት መኪና ኋላ፣ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንዳይፈላ አፍኖ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ሱስታው ከላላ ሞተሩ ደህና ሆኖም ውሃው ይፈላል። የአንድ ክዳን ዋጋ ከቀብድህ ጋር አይወዳደርም። ለመሆኑ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ኩላንት (የራዲያተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው ወይስ የቧንቧ ውሃ?

የሸዋ በር ልጅ፦ የቧንቧ ውሃ ነው ጋሼ።

አቶ ጥንቃቄ፦ ይኸው! አላልኩም?

የጦሳ ንፋስ፦ እኔ ጓርኒሲዮን ነው የሚለውን ራሱ አልቀበልም። በደሴ ብርድ ጠዋት የማይጨስ መኪና የት አለ? ጭሱ ሞተሩ ሲሞቅ ከጠፋ የጭስ ማውጫው እርጥበት ነው። እዚሁ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ሸዋ በር ብቻ የሚመላለስ መኪና ደግሞ ዘይቱ በደንብ ስለማይግል ክዳኑ ስር እንዲህ ያለ ነገር ይለጠፍበታል። ክዳኑን ተውና የዘይት መለኪያ ዘንጉን ሳብ። እዚያም ላይ ዘይቱ ከነጣ ያን ጊዜ አልቅስ።

ቀልደኛው፦ ራዲያተሩ ውስጥ እንቁላል ስበርበት፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል።

ባለ አይሱዙ፦ በርበሬና ሽንኩርትም ጨምርበት፤ ለሠርጉ ዶሮ ብቻ ይቀርሃል።

ጋራዥ ያደግሁ፦ ወንድሜ፣ እንቁላሉን እርሳው፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይዘጋል። ነገ ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ቀዝቃዛ እንደሆነ (በሙቅ እንዳትሞክረው፣ ፊትህን ያቃጥልሃል) የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና ውሃውን እስከ አፉ ሙላ። ከዚያ አስነሣ። መጀመሪያ የታፈነ አየር ትንሽ ይወጣል፣ እሱ ምንም አይደለም። ነገር ግን አረፋው ካላቋረጠ፣ ነዳጅ ስትሰጥም ከባሰ፣ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ክዳኑን መልሰህ ገጥመህ የላይኛውን ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ) ጨብጠው፤ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ድንጋይ ከሆነብህም ያው ነው። ካንዴላዎቹንም (ቤንዚኑን የሚለኩሱትን) አስፈታ፤ አንዱ ብቻ ታጥቦ የጸዳ ከሆነ ውሃ የሚገባው እዚያ ሲሊንደር ነው። ይህ ሁሉ ከሌለ ቴስታታውን አታስነሣ። ቬንትሌተሩ (የራዲያተሩ ማራገቢያ) ግን ይዞራል?

ጭስ አልባ፦ ቴርሞስታቱን አውጣው ብያለሁ።

ጋራዥ ያደግሁ፦ አያውጣ። ያለ ቴርሞስታት ደሴ ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፤ ቤንዚን ይበላል፣ ያ የዘይት ክዳኑ ስር ያለ ልጣፍም ይብስበታል። ከተጠራጠረ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ መከፈቱን ይይ፤ ካልተከፈተ በአዲስ ይቀይር።

የሸዋ በር ልጅ፦ አረፋው መጀመሪያ ወጥቶ አቆመ። ዘንጉ ላይ ዘይቱ ጥቁር ነው። ጭሱም ሲሞቅ ቀነሰ። ቬንትሌተሩ ግን መለኪያው ከግማሽ አልፎም አልዞረም።

ጋራዥ ያደግሁ፦ በል እንግዲህ። ሜዳ ላይ ስትነዳ ንፋሱ ያበርድልሃል፣ ቬንትሌተሩ መሞቱን አታውቅም። ሐረጎ ላይ እየተንፏቀቅህ ስትወጣ ግን ያለ እሱ መፍላትህ አይቀርም። ፊውዙን እይ፤ ደህና ከሆነ ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ ወስደህ ሞክረው። ከዞረ ችግሩ የሙቀት ሴንሰሩ ወይም ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝለት ማብሪያ) ነው፤ ካልዞረ የቬንትሌተሩ ሞተር ተቃጥሏል። የራዲያተሩን ክዳንም ቀይር። ያም ሆኖ አንዴ በደንብ ስለፈላች ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን ግፊት) አስለካ፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ መካኒኩ እውነቱን ነው። መነሣቱ ግድ ከሆነ ቴስታታው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበት) ሄዶ ጠፍጣፋነቱ ይለካ። አሉሚኒየም ስለሆነ ሲፈላ ይጣመማል፤ 0.05 ሚሊ ሜትር እንኳ ብዙ ነው። ሳይለካ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢገጠም መልሶ ያቃጥለዋል። ቡሎኖቹም ከመሐል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ፣ በቶርክ ቁልፍ ይጠበቁ። በክንድ ግምት የሚያጠብቅ ከሆነ መኪናህን ይዘህ ውጣ።

የጦሳ ንፋስ፦ እኔስ ምን አልኩ?

ቀልደኛው፦ ቅዳሜ አለፈ። ሙሽራዋ ሐይቅ ደረሰች?

ባለ አይሱዙ፦ ልጁ ጠፋ።

እናት ቪትዝ፦ ይቅርታ፣ የእኔ ቪትዝ ደግሞ ቬንትሌተሩ ቁልፉን ካዞርኩ ጀምሮ ያለ ማቋረጥ ይዞራል። ይህም ሴንሰሩ ነው?