ለኮሌጅ መምህርነት ማዘጋጃ፦ በጋራ ፕሮፖዛሉ ረቂቅ ላይ የተደረገ ውይይት

ጸሐፊው (ደሴ)፦
ጤና ይስጥልን፣ አሰላሙ ዐለይኩም። የሥልጠና ፕሮፖዛሉ ረቂቅ ይኸው። 24 ሰልጣኞች፣ 12 ቅዳሜዎች፣ ቦታው ደሴ። ዓላማው ዲግሪ ይዘው ኮሌጅ ማስተማር የሚፈልጉትን ለቅጥር ውድድር ማብቃት ነው። የማስተማር ዘዴ፣ ምዘና፣ በመጨረሻው ቅዳሜ ደግሞ የሁሉም የማሳያ ትምህርት። በስተመጨረሻ የሃየር ዲፕሎማ፣ ማለት የኮሌጅ መምህራን የማስተማር ሥልጠና፣ ምስክር ወረቀት የሚል አስገብቻለሁ። ሳታፍሩ ቁረጡ፣ ቀጥሉ።

አባል (ኮምቦልቻ፣ ቴክኒክና ሙያ)፦
እጅዎ ይባረክ ጋሼ። እኔን የቆረቆረኝ «ኮሌጅ» የሚለው ቃል ነው። ሦስት በር ያለውን ቤት ረቂቁ በአንድ በር ሊያስገባ ይሞክራል። ቴክኒክና ሙያ የሚገባ አሰልጣኝ ከታች ወደ ላይ በሲ፣ በቢ እና በኤ ደረጃ ይመደባል፤ ከዲግሪው ጎን በሙያው የብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ፣ ይጠየቃል። መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በተለምዶ ሁለተኛ ዲግሪ ይፈልጋል። ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያ ዲግሪ የገባው ረዳት ነው፣ በማስተርስ ሌክቸረር፣ በፒኤችዲ ረዳት ፕሮፌሰር። ስለዚህ 24ቱን በሦስት ምድብ 8፣ 8፣ 8 እናድርጋቸው። ብየዳ የሚያሰለጥን ሰው ፊት ስለ ሌክቸር አዳራሽ 3 ሰዓት ማውራት ጊዜ መግደል ነው። የሱ ፈተና ሌላ ነው፤ ሥልጠናው ከድርጅቶች ጋር በትብብር ሲሰጥ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ስለሆነ የሚታየው ሴሽን ፕላኑ፣ ማለት የክፍለ ጊዜው የሥልጠና ዕቅድ፣ እና እጁ ነው።

አባል (ወልድያ)፦
በምድቡ እስማማለሁ። ከዘዴውም ከምዘናውም በፊት ግን አንድ ሙሉ ቀን ለማስረጃ ይሰጥ። ብዙ ሰው ችሎታ አንሶት ሳይሆን ፋይሉ ጎድሎ ነው የሚቀረው። እኛ ዘንድ የታወቀው የስም ነገር ነው። የ12ኛ ክፍሉ ማስረጃ ላይ ሙሐመድ በላቲን ፊደል በ«ኦ» ተጽፏል፣ ዲግሪው ላይ በ«ዩ»፤ የአያት ስም አንዱ ላይ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። ማስታወቂያ ወጥቶ 5 ወይም 7 የሥራ ቀን ሲሰጥ ይህን ማስተካከል የማይታሰብ ነው። ማስረጃውን ከሰጠው ተቋም ሬጅስትራር ነው የሚጀመረው፣ ዓመት ቀድሞ። ሁለተኛ፣ በእጅ የሚሰጠው የተማሪ ቅጂና ከተቋም ወደ ተቋም ታሽጎ የሚላከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አንድ አይደሉም፤ ለማስተርስ የሚያመለክት ሰው የኋለኛውን ማስላክ አለበት። የወጪ መጋራት ያልተጠናቀቀበት ሰው ዋናው ዲግሪ እጁ ላይ ላይኖር ይችላል። የሥራ ልምድ ደብዳቤም ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መደብ፣ በስንት ደመወዝ እንደሆነና በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ በግልጽ ይበል። በአንዱ ደብዳቤ በኢትዮጵያ፣ በሌላው በፈረንጅ ቀን ሲመጣ አወዳዳሪው 7 እና 8 ዓመት ቀንሶ ወይም ጨምሮ ያነባል።

አባል (ደሴ፣ መምህራን ትምህርት)፦
የሃየር ዲፕሎማው መስመር ይውጣ፣ በአላህ። እሱ ሥራ ላይ ላለ የኮሌጅ መምህር በተቋሙ ውስጥ፣ በሰለጠነ መሪ፣ አንድ ዓመት ይዞ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው፤ ፖርትፎሊዮ አለው፣ የተግባር ምርምር አለው፣ ትምህርት ቤት ወርዶ መቆየት አለው። በ12 ቅዳሜ እንሰጣለን ካልን ገምጋሚው እዚያው ላይ እርሳሱን ያስቀምጣል። ከፒጂዲቲም፣ ከድህረ ምረቃው የማስተማር ዲፕሎማ፣ ጋር አይምታታ፤ እሱ ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ነው። እኛ «ተካፍሏል» የሚል ወረቀት ብቻ እንስጥ።

ምዘናው ላይ ደግሞ ረቂቁ «የፈተና አወጣጥ» ብሎ አልፏል። ምን እንደሚሠሩ ይጻፍ። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ከየይዘቱ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣ የሚያሳይ የፈተና ዝርዝር ሠንጠረዥ ያዘጋጅ፣ 20 ምርጫ ጥያቄ ያውጣ፣ ከዚያ የአንድ ክፍል መልስ ይዞ ጥያቄዎቹን ይፈትሽ። 60 ተማሪ ቢፈተን በውጤት ከላይ 27 በመቶና ከታች 27 በመቶ ይወሰዳል፣ 16 እና 16 ሰው። አንዱን ጥያቄ ከላይኞቹ 14፣ ከታችኞቹ 6 ከመለሱት፣ 14 ሲቀነስ 6፣ ለ16 ሲካፈል 0.5፤ ጥያቄው ጎበዙን ከሰነፉ ይለያል። ታችኞቹ ከላይኞቹ በልጠው የመለሱት ጥያቄ ካለ አብዛኛውን ጊዜ መልስ ቁልፉ ተሳስቷል፣ አለዚያ ሁለት ትክክለኛ አማራጭ ገብቶበታል።

አባል (ሐይቅ)፦
የመጨረሻውን ቅዳሜ በሂሳብ እንየው። ለአንድ ሰው 20 ደቂቃ ማሳያ፣ 10 ደቂቃ አስተያየት። 24 ሰው 720 ደቂቃ፣ ማለት 12 ሰዓት! ማታ 2 ሰዓት ላይ የቆመው ምስኪን ማን ይሰማዋል? በምድብ ከተከፈለ ግን 8 ሰው 4 ሰዓት ነው፣ ሦስት ክፍል ጎን ለጎን ይሄዳል። ማሳያው ሁለት ጊዜ ይሁን፤ አንዴ በመካከል፣ አንዴ በመጨረሻ። አንዴ ብቻ ከሆነ አስተያየቱን የሚያርምበት ቦታ የለውም።

20 ደቂቃዋ እንዲህ ትከፈል፦ 2 ለመነሻና ለዓላማ፣ 10 ለይዘቱ፣ 5 ተማሪው ራሱ እንዲሠራ፣ 3 ለማረጋገጫ። የሚበላሸው መጀመሪያው ላይ ነው። ሰው ራሱን ሲያስተዋውቅ 6 ደቂቃ ይፈጃል፤ ዓላማውን «ተማሪዎች ይረዳሉ» ብሎ ይጽፋል፣ መረዳት ግን አይለካም። «ያሰላሉ»፣ «ይለያሉ» ይበል። ፕሮጀክተር ላይ ብቻ አንታመን፣ መብራት ይጠፋል። ሰሌዳው በሦስት ይከፈል፤ ግራው እስከ መጨረሻው የማይጠፋ ርዕስና ቁልፍ ቃላት፣ መሐሉ መሥሪያ፣ ቀኙ ለሥዕል። ጀርባውን ሰጥቶ የሚጽፍና የሚያወራ ሰው ድምፁ ሰሌዳው ላይ ይቀራል። ማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ በሆነበት ምድብ ማሳያውም ጥያቄና መልሱም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ተወዳዳሪው ይዘቱን እያወቀ የሚንተባተበው ከኮሚቴ ጥያቄ ሲመጣ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለሻይ 15 ደቂቃ ተብሏል። ወሎ ላይ በ15 ደቂቃ አቦሉም አይደርስ። 40 በሉት።

አባል (መካነ ሰላም)፦
ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ደሴ ለመድረስ እኛ ዓርብ መነሳት አለብን፣ 12 ጊዜ ማን ይችለዋል። በየሁለት ሳምንቱ 6 ዙር ይሁንልን፤ ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከ4 እስከ 7 ሰዓት። በዙሮቹ መካከል የሚሠራው፣ የፈተና ሠንጠረዡ፣ ትምህርት ዕቅዱ፣ በቴሌግራም ይላክ። መጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያላቸው ደግሞ ለድህረ ምረቃ መግቢያው ፈተና፣ ለጋት፣ ዝግጅት ይፈልጋሉ። የቃል፣ የሂሳብና የትንተና ክፍሉን ሰዓት ይዞ መለማመድ በቴሌግራምም ይቻላል።

አባል (ኮምቦልቻ፣ ቴክኒክና ሙያ)፦
በ6 ዙር እስማማለሁ። የእኛ ምድብ ግን ቢያንስ ሁለቱን ዙር ወርክሾፕ ውስጥ ይዋል፤ አዳራሽ ለኛ አይሆንም። ፕሮፖዛሉ ላይ የአላቂ ዕቃ መስመር ይግባ፤ ለብየዳ ኤሌክትሮድና ላሜራ፣ መነጽርና ጓንት ለ8 ሰው። ይህ ካልተጻፈ በኋላ ከኪስ ነው።

ጸሐፊው (ደሴ)፦
ተቀብያለሁ። ሃየር ዲፕሎማው ወጥቷል፣ ምድቡ ሦስት፣ ዙሩ 6፣ ማሳያው ሁለት ጊዜ፣ የመጀመሪያው ቀን የማስረጃ። የወልድያው መምህር፣ የማስረጃ መፈተሻ ቅጹን እርስዎ አርቅቁልን፣ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ኮምቦልቻ የአላቂ ዕቃውን ብዛት በቁጥር ይላክልኝ፣ «በቂ ኤሌክትሮድ» የሚል ካየሁ እመልሳለሁ። ሐይቅ የማሳያውን ነጥብ መስጫ፣ ከ20። የቡናውን 40 ደቂቃ ጽፌዋለሁ፤ ገምጋሚው ከጠየቀ «የቡድን ውይይት» ነው።