ከአረንጓዴ ጨርቅ ፊት የተቀረጸ የሐበሻ ቀሚስ፦ ጥለቱ ከዳራው ጋር አብሮ ጠፋብኝ

ጥያቄ፦ የሽሮ ሜዳዋ

ሰላም ለሁላችሁም። እኅቴ ሽሮ ሜዳ ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች፤ እኔ ደግሞ ለሱቋ በቲክቶክና በኢንስታግራም የሚለቀቁትን አጫጭር ቪዲዮዎች በስልኬ እየቀረጽሁ በካፕከት አቀናብራለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አረንጓዴ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ወጥረን፣ ስድስት ቀሚሶችን ለአንዲት ዘመዳችን እያለበስን ቀረጽን። ሐሳቤ ጨርቁን በኋላ አጥፍቼ በቦታው የጎንደርን ግንብ፣ የሐይቅ ዳርቻና የመሳሰሉትን ምስሎች ማስገባት ነበር።

ችግሩ የታየኝ ለማቀናበር ስቀመጥ ነው። ክሮማ ኪይ የሚባለውን መሣሪያ ስከፍተው ጨርቁ ጠፋ፤ ነገር ግን ከደረቷ ጀምሮ ወደ ታች በሚወርደው ጥለት ውስጥ ያለው አረንጓዴ ክርም አብሮ ጠፍቶ፣ በመስቀሉ ቅርጽ በኩል የፋሲል ግንብ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኃይሉን ስቀንሰው ጥለቱ ይመለሳል፤ ግን ጨርቁም በከፊል አብሮ ይመለሳል። ነጠላው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ መካከሉ አረንጓዴ ወዝ ይዟል፣ ጫፉም በመቀስ የተቆራረጠ ይመስላል። ከስድስቱ ቀሚሶች አራቱ ተሸጠው ስለሄዱ እንደገና መቅረጽ አልችልም። በእጄ ያለውን ቪዲዮ በምን መንገድ ማዳን እችላለሁ?

ሁለት ሌሎች ነገሮችም ልጠይቅ። ዘመዳችን ስትዞር አንዱ ቀሚስ በቅጽበት ወደ ሌላው እንዲለወጥ እፈልጋለሁ፤ እንዲሁም በስተመጨረሻው ላይ የእጣን ጭስ በፊቷ እንዲያልፍ። መተግበሪያው ውስጥ ያሉትን ዝግጁ ኢፌክቶች ሞክሬያቸዋለሁ፤ ሁሉም የልደት ካርድ ይመስላሉ።

መልስ፦ ቆርጦ ቀጥል

ቪዲዮዎቹ ይድናሉ፤ ሁሉም ግን እኩል አይድኑም። ክሮማ ኪይ ልብስን ከመጋረጃ አይለይም። የሚያውቀው ቀለምን ብቻ ስለሆነ «ይህን አረንጓዴ አጥፋ» ሲባል የሸማኔውንም ክር ያጠፋል። ስለዚህ መፍትሔው የመሣሪያውን ኃይል ከፍና ዝቅ ማድረግ ሳይሆን፣ መሣሪያው የሚሠራበትንና የማይሠራበትን ቦታ መከፋፈል ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ዳራ የሚሆነውን ምስል ከታች ያስቀምጡ፤ በላዩ ላይ ቪዲዮዎን በክሮማ ኪይ አረንጓዴው የጠፋለት አድርገው ይደርቡ። ከዚያም የዚያኑ ቪዲዮ ሌላ ቅጂ በሦስተኛ ሌየር (ድርብርብ)፣ ክሮማ ኪይ ሳይነካው፣ በትክክል በራሱ ላይ ይደርቡትና ማስክ በሚለው ከደረት እስከ ጉልበት ያለውን የጥለቱን መስመር ብቻ በአራት ማዕዘን ይክበቡ። የደረቱ ጥለት በሁለቱም በኩል በነጭ ጨርቅ የተከበበ ስለሆነ የማስኩ ጠርዝ ነጩ ላይ ካረፈ ማንም አያየውም። ልጅቷ ስትንቀሳቀስ ማስኩም እንዲከተላት ኪይፍሬም (ማስኩ የሚያርፍበትን ቦታ የሚመዘግብ ምልክት) ያድርጉለት፤ በየፍሬሙ (ቪዲዮው በተሠራበት በእያንዳንዱ ምስል) ሳይሆን አቅጣጫ በምትቀይርበት ቦታ ሁሉ አንድ ይበቃል። የፊልም ባለሙያዎች ይህን በትልልቅ ሶፍትዌር ይሠሩታል፤ ዘዴው ግን ያው ነው።

የታችኛው ጠርዝ ጥለት ግን ያስቸግርዎታል። እርሱ ከአረንጓዴው ጨርቅ ጋር በቀጥታ ስለሚዋሰን ነጭ ድንበር የለውም። እዚያ ላይ ከቀሚሱ ጫፍ ጋር አብሮ የሚወዛወዝ ማስክ በእጅ መሳል ይኖርብዎታል፤ ለ15 ሴኮንድ ቪዲዮ በ30 ፍሬም ቢሰላ 450 ፍሬም ስለሆነ እኔ በግሌ አልጀምረውም።

የነጠላው ጠርዝ የተቆራረጠ የሚመስለው በእርስዎ ጥፋት አይደለም። አብዛኛው ስልክ ቪዲዮ ሲያስቀምጥ ብርሃኑን በሙሉ ጥራት ይይዛል፤ ቀለሙን ግን ለየአራቱ ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። በ1080 በ1920 የተቀረጸ ምስል የቀለም መረጃው 540 በ960 ብቻ ነው ማለት ነው። ክሮማ ኪይ የሚቆርጠው በዚህ ሻካራ የቀለም መረጃ ስለሆነ የነጠላን ያህል የሳሳ ፈትል ሲገጥመው ይሰነጣጥቀዋል። አረንጓዴው ወዝ ደግሞ እውነተኛ ብርሃን ነው፤ ከጨርቁ ነጥሮ ነጩ ፈትል ላይ አርፏል፣ በሳሳው በኩልም አልፎ ታይቷል።

ለዚህ የማውቀው ርካሹ መፍትሔ ዳራውን መቀየር ነው። የጎንደሩን ግንብ ይተዉትና ቅጠል የበዛበት የግቢ ወይም የደን ምስል ያስገቡ። በነጠላው ላይ ያለው አረንጓዴ ወዝ ከዛፎቹ የመጣ ይመስላል፤ የጠርዙም መሰነጣጠቅ ከኋላው ተመሳሳይ ቀለም ስላለ ይደበቃል። ግንቡ የግድ ከሆነ፣ በቀለም ማስተካከያው ውስጥ የአረንጓዴውን ድምቀት ይቀንሱ፤ ይህን ግን ክሮማ ኪይ ባለበት ሌየር ላይ ብቻ ያድርጉ፣ አለበለዚያ ያዳኑት ጥለት አመድ ይመስላል።

መልስ፦ የካሜራ ሰው

ስለ ዳራው ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው፤ እኔ የቀሩትን ሁለቱን ልመልስ።

ቀሚስ በቅጽበት የመለወጡ ነገር ከሲኒማ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜልየስ በፓሪስ የኦፔራ አደባባይ ላይ ሲቀርጽ ካሜራው ለአፍታ ተቆልፎበት፣ ፊልሙ ሲታይ የመንገደኞች ሠረገላ ድንገት የአስከሬን ሠረገላ ሆኖ እንዳገኘው ራሱ ተርኳል፤ እ.ኤ.አ. በ1896 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ ዘዴ በፊልሙ ላይ አንዲትን ሴት ሰውሯል። ኢፌክቱ ሁለት ቪዲዮ ቆርጦ ከመግጠም በቀር ሌላ ነገር የለበትም። ዓይን የሚታለለው ግን ገጣጠሙ ልክ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለተኛውን ቀሚስ ቪዲዮ በመጀመሪያው ላይ ደርበው ኦፓሲቲ የሚለውን (የምስሉን ድፍንነት) ወደ 50 በመቶ ያውርዱት፤ ሁለቱ ፊቶች በአንድ ላይ ሲታዩ ዓይን በዓይን ላይ፣ ትከሻ በትከሻ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ሁለተኛውን ያንቀሳቅሱ፣ ያሳንሱ ወይም ያሳድጉ። ከዚያ ድፍንነቱን ወደ 100 መልሰው ይቁረጡ።

የት እንደሚቆርጡ ከሁሉ ይበልጣል። ልጅቷ ጸጥ ብላ በቆመችበት ቦታ ከቆረጡ መገጣጠሚያው ይጋለጣል። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ስትወረውር፣ ነጩ ጨርቅ ምስሉን በሰፊው ሸፍኖ በፍጥነት በሚደበዝዝበት ፍሬም ላይ ይቁረጡ። ነጠላ የተፈጥሮ ትራንዚሽን (ከአንዱ ቪዲዮ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ) ነው፤ ዝግጁ የሆኑት ኢፌክቶች ሁሉ እርሱን ለመምሰል ነው የሚደክሙት። ነጭ ብልጭታ መጨመር ካማረዎት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሁለት ፍሬም ያህል ያድርጉት። በሴኮንድ ከሦስት ጊዜ በላይ የሚደጋገም ብልጭታ የሚጥል በሽታ ባለባቸው ተመልካቾች ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ስለ እጣኑ ጭስ፤ ከኢንተርኔት አይውሰዱ፣ ቤት ውስጥ ይቅረጹት። ማታ መብራት አጥፍተው ጥቁር ጨርቅ ከኋላ ይስቀሉ፤ ማጨሻውን ከፊቱ አኑረው ከጎን ወይም ከበስተኋላ አንድ መብራት ብቻ ይስጡት። ጭሱ ከጎን ሲበራለት ይነጣል፤ ጨርቁ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ያንን ቪዲዮ በላይኛው ሌየር ያድርጉና ብሌንድ ከሚለው ውስጥ ስክሪን የሚለውን ይምረጡ። ስክሪን የላይኛውን ብርሃን ወደ ታችኛው ይጨምራል፤ ጥቁር ብርሃን ስለሌለው ምንም አይጨምርም፣ ስለዚህም ይጠፋል፣ ጭሱ ብቻ ይቀራል። ግሪን ስክሪን ከሚባለው ከአረንጓዴው ጨርቅ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ነጭ ላይ ነጭ አይጨመርም፤ ጭሱ በቀሚሱ ፊት ሲያልፍ ጨርሶ አይታይም፣ ከጎኗ ባለው ጠቆር ያለ ዳራ ላይ ብቻ ይታያል። ስለዚህ «በፊቷ እንዲያልፍ» ያሉት ነገር በነጭ ቀሚስ ላይ አያምርም። ጭሱን ከዳራውና ከልጅቷ መካከል ባለው ሌየር ያስገቡት፣ ከኋላዋ ይውጣ፤ ዳራውንም ትንሽ ያጨልሙት።

ለወደፊቱ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይበራሉ ይደበዝዛሉ። ስልክዎ በእጅ ማስተካከል የሚፈቅድ ከሆነ የሻተር ፍጥነቱን (ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሴኮንድ ያድርጉ፤ የብርሃን መጠኑንና ፎከሱንም ይቆልፉ። ዳራው የሚንቀጠቀጥ ብርሃን ካለው ክሮማ ኪይ በአንዱ ፍሬም የሚያጠፋውን በቀጣዩ ይመልሰዋል። ጨርቁንም በሰማያዊ ይቀይሩት፤ በቀሚሶቻችሁ ጥለት ላይ ሰማያዊ ከአረንጓዴ ያነሰ ከሆነ ማለቴ ነው፤ መጀመሪያ መደርደሪያውን አይቶ መወሰን ይሻላል። ልጅቷም ከጨርቁ ቢያንስ ሁለት ሜትር ትራቅ፤ ክፍሏ ጠባብ ከሆነች ጨርቁን ትታችሁ በረንዳ ላይ ቅረጹ።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ቪዲዮ አቀናባሪ አይደለሁም፤ የምጽፈው እንደ ገዢ ነው። ከሜሪላንድ ሆኜ ለሠርግና ለበዓል የሚሆን ቀሚስ ከአዲስ አበባ የማዝዘው በቪዲዮ አይቼ ነው። ባለፈው ዓመት ለሚዜዎች አምስት ቀሚስ አዘዝሁ። በቪዲዮው ላይ ጥለቱ የደበዘዘ ወርቅማ ይመስል ነበር፤ ሲደርሰኝ ደማቅ ቢጫ ሆኖ አገኘሁት። ሻጩ ያታለለኝ አይመስለኝም፤ ቪዲዮው ላይ የተደረገው ፊልተር ነው ቀለሙን የለወጠው። ከመቀነቱና ከጫማው ጋር ግን አልገጠመም፤ በሰባት ሺህ ማይል ርቀት ደግሞ ቀሚስ አይመለስም።

ስለዚህ ግንቡም ጭሱም ይሁን፣ ግን ቀሚሱን ራሱን አትንኩት። ከሁሉም በላይ ለእኔ የሚያስፈልገኝ የታችኛው ጠርዝ ነው፤ የሸማኔው እጅ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ቪዲዮ ላይ ግን ሁልጊዜ ወይ ይቆረጣል፣ ወይ ከጽሑፍ በታች ይሆናል።

መልስ፦ ቆርጦ ቀጥል

የሲልቨር ስፕሪንጓ ያነሡት ነገር ከሌየሮቹ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ፊልተሩን በመጨረሻ ላይ በሁሉም ላይ የምንጭን ከሆነ ጥለቱንም ይቀይረዋል፤ ለዳራው ሌየር ብቻ ከሰጠነው ግን የምሽት ብርሃን ይሁን የድሮ ፎቶ መልክ፣ ቀሚሱ እንደነበረ ይቀራል። መተግበሪያው ውስጥ ፊልተር ስትጨምሩ አንድ ሌየር ላይ ብቻ እንዲያርፍ ወይም በጠቅላላው ላይ እንዲጫን መምረጥ ይቻላልና ልዩነቱን ማየት ያስፈልጋል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ ዳራን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጥፍተው በአዲስ የሚተኩትን መሣሪያዎች ለቀሚስ ሽያጭ አልመክራቸውም። አንዳንዶቹ ምስሉን ከመቁረጥ አልፈው እንደ አዲስ ስለሚስሉት ጥለቱ የሚመስል ግን ማንም ያልሸመነው ጥለት ይዘው ይመጣሉ። እውነተኛ የሚመስል በዚህ መንገድ የተሠራ ምስል ሲለቀቅ ምልክት እንዲደረግበት ቲክቶክ ራሱ ይጠይቃል።

የተጠናቀቀውን ቪዲዮ ለእኅትዎ በቴሌግራም የሚልኩላት ከሆነ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩ። እንደ ቪዲዮ ሲላክ ይጨመቃል፣ ቲክቶክም ሲቀበለው እንደገና ይጨምቀዋል፤ በዚህ መካከል መጀመሪያ የሚፈርሰው እንደ ጭስ ያለ ስስ ነገር ነው።

ጠያቂዋ፦ የሽሮ ሜዳዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ማታ ሠርቼ ውጤቱን ልንገራችሁ። በሦስት ሌየር የተሠራው የደረት ጥለት ሙሉ በሙሉ ዳነ፤ ማስኩን ትንሽ ካለሰለስሁት በኋላ እኅቴ የቱ ጋ እንደተቀጠለ ማግኘት አልቻለችም። ግንቡን ትቼ የባሕር ዛፍ ሳይሆን የጽድ ደን አስገባሁ፤ የነጠላው ወዝ እንደተባለው ተደበቀ። ነጠላው ሲወረወር የቆረጥሁት ለውጥ በሁለት ቀሚሶች ላይ ሠራ፤ በሦስተኛው ላይ ዘመዳችን ነጠላዋን በሌላው እጇ ስለወረወረች አልገጠመም፣ ትቼዋለሁ። ጭሱን ከኋላዋ አድርጌዋለሁ፤ ክፍሉ ሁሉ እጣን እጣን ስለሸተተ ጎረቤት እንግዳ መጣባችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን።

የታችኛው ጠርዝ ግን እምቢ አለኝ። ከጉልበት በታች ቆርጬ ልለቀው ነበር፤ የሲልቨር ስፕሪንጓን መልእክት ሳነብ ተውሁት። ያልተሸጡትን ሁለቱን ቀሚሶች በር ላይ ሰቅዬ፣ በጠዋት ብርሃን፣ ያለ ምንም ኢፌክት የጠርዛቸውን ጥለት ብቻ በቅርበት ቀርጬ በየራሳቸው ቪዲዮ መጨረሻ ለአራት ሴኮንድ አስገባሁት። የቲክቶክ ጽሑፍና ቁልፎች የሚያርፉት ከታችና በስተቀኝ ስለሆነ ጥለቱን ከመካከል ከፍ አድርጌዋለሁ። ለተሸጡት አራቱ ግን የጠርዝ ቪዲዮ የለኝም፤ እኅቴ ለገዢዎቹ ደውላ አንዳንድ ፎቶ እንዲልኩላት ልትጠይቅ ነው።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ፎቶዎቹ ሲመጡ እዚህ ያሳውቁን፤ ከሁለቱ ያልተሸጡ አንዱ መስቀሉ ሰፋ ያለ ከሆነ ዋጋውን በግል መልእክት ላኩልኝ።