የአሜሪካን ሕገ መንግሥት እየከለስኩ ነው፣ መጨረሻ ላይ የሚጸናው የማን ቃል ነው?

የሐረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደሴ እየወጣሁ ሕግ እማራለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የንጽጽር ሕገ መንግሥት ፈተና አለብኝ፤ አብዛኛው አሜሪካ ነው። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ማስታወሻዬን አነባለሁ፣ ደሴ ስደርስ ግን ሁሉም ተደባልቆብኛል። ኮንግረስ ሕግ ያወጣል፣ ፕሬዝዳንቱ ያስፈጽማል፣ ፍርድ ቤት ይተረጉማል። ይህን በቃሌ ይዤዋለሁ። ግን ፕሬዝዳንቱ ሕጉን እምቢ ማለት ከቻለ፣ ዘጠኝ ዳኞች ደግሞ ሁለቱም የተስማሙበትን መሻር ከቻሉ፣ መጨረሻ ላይ የማን ቃል ነው የሚጸናው? ዳኞቹ ይህን ሥልጣን ከየት እንዳገኙትም አልገባኝም። ስለ ፍርድ ቤት የሚያወራውን አንቀጽ 3ን ሁለት ጊዜ አንብቤ አጣሁት። እባካችሁ የገባችሁ አስረዱኝ።

ሆጤ
እህቴ፣ ያጣሽው ስለሌለ ነው። "ፍርድ ቤት ሕግ ይሽራል" የሚል ቃል እዚያ አልተጻፈም። የመጣው በ1803 ከተወሰነው የማርበሪና የማዲሰን ጉዳይ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ታሪኩን ከያዝሽው አይጠፋሽም። ፕሬዝዳንት አዳምስ ሥልጣን ሊለቅ ሲል ማርበሪን ዳኛ አድርጎ ሾመው። የሹመት ደብዳቤው ተፈርሞ፣ ማኅተምም ተደርጎበት ሳይሰጠው ቀረ። አዲሱ የጄፈርሰን መንግሥት ሲገባ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማዲሰን አልሰጥም አለ። ማርበሪ በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል ምን አለ? ደብዳቤው ይገባሃል፣ ነገር ግን ጉዳይህን በቀጥታ እኛ ዘንድ እንድታመጣ የፈቀደው የ1789ኙ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል፣ ስለዚህ ዋጋ የለውም አለ። የሚገርመው፣ ያን ደብዳቤ በጊዜው ሳያደርስ የቀረው ራሱ ማርሻል ነው፤ ያኔ የአዳምስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ዛሬ ከዚህ ጉዳይ ራሱን ያግልልን ይባል ነበር።

ጡረተኛው መምህር (ሳላይሽ)
ልጄ፣ ሦስቱን አካላት በሦስት ዓምድ ጽፎ መሸምደድ ይቅርብሽ። አንድ ረቂቅ ሕግ ያዢና እግር በእግር ተከተይው። የኮንግረስ ሁለቱ ክፍሎች፣ 435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 100 አባላት ያሉት ሴኔት በተመሳሳይ ቃል ማጽደቅ አለባቸው። ከዚያ ፕሬዝዳንቱ ዘንድ ይሄዳል። እሁድ ሳይቆጠር 10 ቀን አለው። ይፈርማል ወይም ይመልሰዋል። ከመለሰው ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያለ እሱ ፊርማ ሕግ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሕግ ከሆነ በኋላ የተጎዳ ሰው ይከሳል፣ ፍርድ ቤቱ ሊሽረው ይችላል። አንቺ የጠየቅሽው እዚህ ላይ ነው። በ1895 ፍርድ ቤቱ የፌዴራሉን የገቢ ግብር ሕግ ጣለው። አበቃ ማለት ነው? አይደለም። ኮንግረስ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አቀረበ፣ ከክልሎቹ ሦስት አራተኛው ተቀበሉት፣ በ1913 16ኛው ማሻሻያ ሆነ። ግብሩ ተመለሰ። ግን 18 ዓመት ፈጀ። ዛሬ ቢሆን ከ50ው ክልል 38ቱ ያስፈልጋሉ። ከ1787 ወዲህ ያለፉት ማሻሻያዎች 27 ብቻ የሆኑት ለዚህ ነው፤ የመጨረሻው እንኳ በ1789 ቀርቦ በ1992 ነው የጸደቀው።

የሐረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የግብሩ ምሳሌ አበራልኝ። ሆጤ አንተም ተባረክ። ስለዚህ ዳኞቹን እንኳ የሚያልፍ መንገድ አለ፣ ግን አቀበት ነው ማለት ነው። አንድ ልጨምር፦ ከእኛ ጋር አወዳድሩ ከተባልኩ ከየት ልጀምር?

የቦርከና ልጅ
እኔ ባለፈው ዓመት ይህንኑ ኮርስ ወስጄ "ሁለቱም ፌዴራል ናቸው" ብዬ ገጽ ሙሉ ጽፌ ነጥቤ ወረደ። አንቺ ከትርጉሙ ጀምሪ። እዚያ የመጨረሻው ተርጓሚ ፍርድ ቤት ነው፤ እኛ ጋ በአንቀጽ 62 እና 83 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤው መርምሮ ያቀርብለታል። ልዩነቱ የተቋም ስም ብቻ እንዳይመስልሽ። እዚያ የሚወስነው ዕድሜ ልኩን የተሾመ ዳኛ ነው፣ እዚህ ደግሞ የብሔር ብሔረሰቦች ተወካይ። ዳኛ ምርጫ አያስፈራውም፣ ግን ሕዝብ አልመረጠውም። ተወካይ ተቃራኒው ነው። ክርክሩን እዚህ ላይ አስፊው።
ከዚያ የእኛን አንቀጽ 52 ከእነሱ 10ኛ ማሻሻያ ጎን አስቀምጪ፤ ሁለቱም ለፌዴራሉ ያልተሰጠውን ለክልል ይተዋሉ። የእነሱ "ወይም ለሕዝቡ" የሚል ይጨምራል። አንቀጽ 39 ከመጣ ደግሞ የእነሱ ሕገ መንግሥት ስለ መገንጠል ምንም አይልም፣ በ1869 በቴክሳስ ጉዳይ ክልል በራሱ ውሳኔ መውጣት አይችልም ያለው ፍርድ ቤቱ ነው። እሱም ተመልሶ ወደ ትርጉሙ ይወስድሻል።

ጡረተኛው መምህር (ሳላይሽ)
የቦርከና ልጅ ደህና አድርጎ መልሶታል። ልጄ፣ ሁለቱንም ሕገ መንግሥት በወረቀት ይዘሽ ነይ። ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ፒያሳ አካባቢ ነኝ፣ ጥያቄ ካለሽ አብረን እናያለን።

የሐረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)
እመጣለሁ ጋሼ። ሁለት የክፍል ጓደኞቼም ይህን አንብበው እንምጣ ብለዋል፣ ይዣቸው ልምጣ?