ስልኬ ውሃ ገባበት፤ ጎንደርን የማይበት ቀን ደግሞ ዛሬ ብቻ ነው

አዲሷ ኢንተርን፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ጠዋት ልብስ ሳጥብ ስልኬ ባልዲ ውስጥ ገባ። አውጥቼ ጠረግሁት፣ አልበራ አለ። የማያቸው ቦታዎች ዝርዝር፣ ካርታው፣ ሊያስጎበኘኝ የነበረው ልጅ ቁጥር፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ይህን የምጽፈው በክፍል ጓደኛዬ ስልክ ነው። 5 ሰዓት ላይ ይዛው ትወጣለች። ነገ ሆስፒታል ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሆኜ ሥራ እጀምራለሁ፣ የመጀመሪያው ምድቤ ሰርጀሪ (ቀዶ ሕክምና) ነው፣ ዲዩቲው (ተረኛነቱ) ፋታ አይሰጥም ብለውኛል። ፋሲል ግንብን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ የፋሲል መዋኛንና ቁስቋምን ዛሬ ማየት እፈልጋለሁ። ያለ ካርታ ከየት ልጀምር? ስልኩንስ ምን ላድርገው?

የአራዳ ልጅ፦
እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ስልኩን ሩዝ ውስጥ ቅበሪው፣ ማታ ታወጪዋለሽ። የኔ ሁለቴ ድኗል። ደግሞ የት ነሽ አሁን? ፒያሳ? ማራኪ? አዘዞ ከሆንሽ መልሱ ሌላ ነው።

አዲሷ ኢንተርን፦
ይቅርታ፣ ማራኪ ነኝ። ያለኝ 800 ብር ነው። በእግሬ ብዙ መሄድ እችላለሁ።

ታሪክ ወዳድ፦
ዶክተር፣ ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ሰው ሁሉ «ፋሲል ግንብ» ይላል እንጂ አንድ ግንብ አይደለም። አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማዋን መቀመጫቸው አደረጉ፣ የመጀመሪያውንም ግንብ አሠሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት ነገሥታት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨመሩ። የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አለ። የልጃቸው የኢያሱ ግንብ አለ፤ ጣሪያው ወድቋል። የዳዊት የዜማ አዳራሽ፣ የበካፋ፣ የእቴጌ ምንትዋብ፣ ሁሉም በአንድ ቅጥር ውስጥ ናቸው። ቅጥሩ ብቻ 900 ሜትር ገደማ ይሆናል። ጣሊያን ግቢውን የጦር ማዘዣው አድርጎት ስለነበር በ1941 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ አውሮፕላን ደብድቦታል። ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ፎቶ አንስቼ ልውጣ የምትዪው ቦታ አይደለም። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ስጪው። የአንበሶቹን ቤትም ሳታዪ አትውጪ፤ እኔ ልጅ ሆኜ አንበሳ ነበረበት፣ ሲያገሳ እንሰማ ነበር።

ጠጋኙ፦
ስልክ መጠገን ሥራዬ ነው፣ አደራ ስሚኝ። ሩዝ አይጠቅምም። አቧራውና ዱቄቱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። አፕል ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. ሩዝ ውስጥ አታስቀምጡ ብሏል። አሁን የምታደርጊው ይህን ነው። ለማብራት አትሞክሪ። ቻርጀር ላይ አትሰኪው። ሲም ካርዱን አውጪና አድርቂው፣ በጓደኛሽ ስልክ ላይ ብታስገቢው የሚደውልልሽ ሰው ያገኝሻል። ስልኩን መሰኪያው ወደ ታች ሆኖ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ አቁሚው። በፀጉር ማድረቂያ አታሙቂው። ውሃው ሳሙና ነበረበት?

አዲሷ ኢንተርን፦
አዎ፣ ኦሞ ነበረው። ሦስት ጊዜም ለማብራት ሞክሬያለሁ።

ጠጋኙ፦
እንግዲያው ቢደርቅም ሳሙናው ቦርዱ ላይ ይቀራል፣ ቆይቶ ይበላዋል። መከፈትና በአልኮል መታጠብ አለበት። ዛሬ እሁድ ስለሆነ ብዙው ሱቅ ዝግ ነው። ነገ ጠዋት በመጀመሪያ ለጥገና ስጪው፣ አንቺ ዲዩቲ ከገባሽ ጓደኛሽን ላኪ። ሳይበራ ከቆየ ፎቶዎችሽ የመትረፍ ዕድል አላቸው።

የማራኪ ሰው፦
ሩዝ ውስጥ ጨምሪው፣ እኔም ሞክሬዋለሁ።

ባለ ስቴቶስኮፑ፦
እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ለምንድን ነው ሁሉንም ዛሬ የምታዪው? አንድ ዓመት እዚሁ ነሽ! እኔም ኢንተርን ነበርኩ። ከዲዩቲ የወጣሽበት ቀን ከሰዓት አለ፣ በዓል አለ፣ ጥምቀት አለ። አራት ቦታ በአንድ ቀን ተሯሩጠሽ ደክመሽ ነገ ሰርጀሪ ራውንድ (ታካሚዎችን እየዞሩ ማየት) ላይ መቆም ለታካሚውም ለአንቺም አይበጅም። ዛሬ ግንቡን እይ፣ ተመለሺ፣ ተኚ።

ከጂሲ የወጣሁ፦
ወንድሜ፣ ከልብህ እንደምትመክራት አውቃለሁ። ግን እኔም እዚሁ ነው የተማርኩት፣ እዚሁ ነው ኢንተርን የሆንኩት። «ሌላ ቀን» እያልኩ ቁስቋምን ሳላይ ከጎንደር ወጣሁ። ከዲዩቲ የወጣሁበት ቀን ሁሉ እንቅልፍ ነበር። አሁን ሰው «ጎንደር ተምረሽ?» እያለ ሲጠይቀኝ ያንገበግበኛል። እህቴ፣ ሂጂ።

እማማ ጃንተከል፦
ልጄ፣ ካርታ ምን ያደርግልሻል? ጎንደር በአፍ ይጠየቃል። ከማራኪ ባጃጅ ይዘሽ «ፒያሳ» በይ፣ በሰው ሂጂ እንጂ ኮንትራት አትያዢ። ፒያሳ ስትወርጂ ግንቡን ማንም ያሳይሻል። ጃንተከል ዋርካው እዚያው አጠገብ ነው፣ ጥላው ሥር ትንሽ አረፍ በይ። ትኬት የሚቆርጠውን ሰው የፋሲል መዋኛንም ይጨምር እንደሆነ ጠይቂው፣ ወረቀቱን እንዳትጥይው። ከዚያ ወደ ሥላሴ ነው። እሁድ ስለሆነ ማለዳ ብትሄጂ ቅዳሴ ላይ ትደርሺ ነበር፣ አሁን ግን ስትደርሺ ሰው ይበተናል። ነጠላ ያዢ። ጫማ ይወልቃል፣ ካልሲ አድርጊ፣ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። ወደ ላይ ቀና ብለሽ ጣሪያውን እይው፣ መላእክቱ ፊታቸው ብቻ ነው፣ ሁሉም ያዩሻል። የሱዳኑ ድርቡሽ በ1888 እ.ኤ.አ. ከተማውን ሲያቃጥል ያች ቤተ ክርስቲያን ተርፋለች። ንብ ወጥቶ አባረራቸው ብለው ነው አባቶቼ የነገሩኝ። እኔ እሷ ውስጥ ቆሜ ሳላለቅስ ወጥቼ አላውቅም።

አዲሷ ኢንተርን፦
እግዜር ይስጥልኝ እማማ። እየጻፍኩት ነው፣ በወረቀት። መዋኛው ላይ ግን ውሃውን በቅርብ ማየት ይቻላል? መዋኘትስ?

የአራዳ ልጅ፦
አይ እታለም! ውሃ የለበትም። የሚሞላው ለጥምቀት ነው፣ ከቀሃ ወንዝ ተስቦ። በሌላው ጊዜ ባዶ ነው። ዋናልብስሽን አትያዢ። ግን ባዶም ቢሆን ውብ ነው። የዛፎቹ ሥር በአጥሩ ድንጋይ ላይ ተጠምጥሞ ድንጋዩን አቅፎ ይዞታል። እኔ ከውሃው ይልቅ እሱን ለማየት ነው የምሄደው። የዞብል መቃብር የሚባለውም አጠገቡ ነው፣ የፋሲል ፈረስ ነው ይላሉ።

ታሪክ ወዳድ፦
ቁስቋምንም ላክልልሽ። በካፋ በ1730 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ምንትዋብ ከልጃቸው ጋር ነገሡ፣ ቤተ መንግሥታቸውንና ደብሩን በዚያ ተራራ ላይ አሠሩ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መጀመሪያ በእንግድነት የተቀመጠው እዚያ ነው። ፍርስራሽ ቢሆንም ከላይ ከተማዋን ታያታለሽ።

ባለ ስቴቶስኮፑ፦
ተሸነፍኩ፣ ትሂድ። ግን ቅደም ተከተሉን ላስተካክል። ግንቡ፣ ከዚያ ሥላሴ፣ ከዚያ ፒያሳ ምሳ። ከሰዓት መዋኛው፣ ጉልበት ከተረፋት ብቻ ቁስቋም። መዋኛው ከፒያሳ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁስቋም ከእሱ አልፎ ዳገት ላይ ነው። ዳገቱን በባጃጅ ውጪ፣ ስትመለሺ በእግር ውረጂ። 11 ሰዓት ሲል ፒያሳ ላይ ሁኚ። ያለ ስልክ ነሽና ማምሸት አይሆንም። ለጓደኛሽ የት የት እንደምትሄጂ ጽፈሽ ተዪላት።

እማማ ጃንተከል፦
ይህ ልጅ አሁን ልክ ተናገረ። ምሳ ሳትበዪ ዳገት አትውጪ።

አዲሷ ኢንተርን፦
4:50 ሆኗል። ጻፍኩት። ስልኩን መስኮት ላይ አቁሜዋለሁ፣ ሩዝ አልነካሁም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማታ እመለሳለሁ።

ከጂሲ የወጣሁ፦
እሺ፣ እንጠብቃለን። ቁስቋምን ካየሽ ንገሪኝ።

የማራኪ ሰው፦
12 ሰዓት አለፈ። ደረሰች?

የክፍል ጓደኛዋ፦
ስልኩ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የምጽፈው። አሁን ገባች። እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ተኝታለች፣ አልቀሰቅሳትም። ወረቀቷ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሦስቱ ላይ ምልክት አድርጋለች፣ ቁስቋም ላይ ግን የለም። ስልኩን ነገ እኔ እወስደዋለሁ። ጥገና ቤቱ ስንት ሰዓት ይከፍታል?

ጠጋኙ፦
2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ብዙዎቹ ይከፍታሉ። ሲም ካርዱን አውጥታዋለች?